ያልተለካ ጨለማ

ሥራዬን ስለቅ ከቤተ ሙከራው ይዤ የወጣሁት ከመዳፍ የማይበልጥ አንድ ጥቁር ካርቶን ነበር። በጀርባው ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በሙጫ ተለጥፎበታል። በንብረት መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ አስረካቢም ተረካቢም አልጠየቀበትም፤ ከስንብት ደብዳቤዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼው ወጣሁ። አሁን እሱም እኔ ዘንድ የለም። ይህን የምጽፈው ካርቶኑ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ አንድ ቀን ሳልጠቀምበት በመቅረቴም ምን እንደ ጠፋ ለመናገር ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት በሌዘር ነው። ሙያዬን ለሚጠይቁኝ ሰዎች አሳጥሬ የምመልሰው እንዲህ ነበር፦ ከፊል አስተላላፊ ከሚባለው፣ የስልክና የኮምፒውተር አካል ከሚሠራበት ቁስ ውስጥ፣ በተራ አጉሊ መነጽር እንኳ የማይታዩ ነቁጦች ይሠራሉ። ሌዘር ሲያርፍባቸው የተቀበሉትን ብርሃን በራሳቸው ቀለም ለውጠው ይመልሱታል። ያን ቀለም በስፔክትሮሜትር ዘርዝረን ስናነበው የነቁጦቹን መጠንና ጉድለት ይነግረናል። ብዙ ነቁጦች አብረው ሲያበሩ የምናየው እንደ ኮረብታ የተንሰራፋ ብርሃን ነው። አንድ ነቁጥ ለብቻው ከተገኘ ግን ብርሃኑ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይሆናል። ወደፊት ለሚሠሩ የኳንተም መሣሪያዎች የሚፈለገው እንዲህ ያለው ክር ነው። የእኛ ቤተ ሙከራ ዕድሜውን የጨረሰው ያን ክር ሲፈልግ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ዶክተር ገመቹ ናቸው። የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ በአገራቸው ኦቦ ገመቹ ሲባሉ እሰማ ነበር፣ እኛ ዘንድ ግን ዶክተር ብቻ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአንድ የሌንስ መያዣ የተንፀባረቀ ጨረር ቀኝ ዓይናቸውን አጥፍቶታል። ይህን ነግረውኝ አያውቁም፤ ከሌሎች ሰምቼ ከልማዳቸው ያረጋገጥኩት ነው። ወደ ጠረጴዛው ከመጠጋታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ደጅ ባለ ሳህን ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ቀን የእኔን አምባር በጣታቸው ጠቁመው፣ «እሱ ውጭ ይጠብቅሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አምባር አድርጌ አላውቅም።

ሌንስ ሲያጸዱ ፈጽሞ አይተነፍሱበትም። በቀጭን ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አልኮል አንጠባጥበው፣ ወረቀቱን በሌንሱ ላይ በአንድ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ስበው፣ ይጥሉታል። መልሰው አይስቡም። «ሁለተኛው ስበት የመጀመሪያውን ቆሻሻ ይመልሰዋል» ይሉ ነበር። መብራት ጠፍቶ መጋረጃው ሲዘጋ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ቃል አይተነፍሱም። ያን ዝምታ ያልለመደ ሰው ተቆጥተው ይመስለው ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጨለማው ሕግ ነው። ማንኛውንም ብርሃን ከመለካታችን በፊት ጥቁሩን ካርቶን በሌዘሩ መንገድ ላይ ባለው የብረት ምሰሶ ላይ እንለጥፋለን። ማግኔቱ ብረቱን ሲይዝ «ቀጭ» ይላል። ጨረሩ ተከልክሎ፣ ናሙናው ጨልሞ፣ መሣሪያው የሚያየውን ሁሉ እንመዘግባለን። ከዚያ ካርቶኑን አንስተን ብርሃኑን ለተመሳሳይ ጊዜ እንለካለን። የመዝገቡ ግራ ገጽ የጨለማው ነው፤ ቀኙ ገጽ የብርሃኑ። ቀኙን ያለ ግራው የሚያሳያቸውን ሰው ዶክተር ወረቀቱን ሳይነኩ፣ «ግማሹን ረስተሽ መጣሽ» ይሉታል፤ ወንድም ቢሆን «ረስተሽ» ነበር የሚሉት፣ ሲናደዱ አማርኛቸው ጾታ አይለይም።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው ግቢ ምድር ቤት ሠራን። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ቡራዩ ወዳለው አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። ሕንፃው ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን በበሩ ሥር ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ። አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር የጨረሩ ጫፍ ከናሙናው ላይ ይሸሻል። ንዝረት የሚያስቀር ጠረጴዛ ከውጭ ለማስመጣት የጻፍነው ጥያቄ ሁለት ኃላፊዎችን አሳልፎ መልስ አጣ። ዶክተር ታዲያ አንድ ቀን ወደ ጎሚስታ ወሰዱኝ፤ ያገለገሉ አራት የመኪና ጎማ ካላማዳሪያዎች ጠየቁ።

ጎሚስታው ዙሪያውን አየና፣ «መኪናው የት አለ፣ አባቴ?» አላቸው።

«መኪና የለኝም። ድንጋይ ነው የምነዳው።»

«ድንጋዩ ስንት ሰው ይጭናል?»

«ሁለት። እኔንና እሷን።»

ካላማዳሪያዎቹን በግማሽ አየር ነፍተን፣ ከድንጋይ ቆራጮች የለመንነውን ሰፊ የእምነበረድ ትርፍራፊ ጫንንባቸው። መንቀጥቀጡ ቆመ። አዲስ የመጣው የክፍል ኃላፊ ሊጎበኘን ሲገባ ጨለማ ውስጥ ጎማ ላይ የተቀመጠ እምነበረድ አይቶ፣ «ብርሃን ለማጥናት መብራት የምታጠፉ፣ ጠረጴዛ ለማቆም ጎማ የምትገዙ ሰዎች!» ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሳቅ በኋላ ግን በየስብሰባው የእኛ ክፍል ስም ሲነሳ ፈገግ ማለት ልማድ ሆነ።

ናሙናው ካልቀዘቀዘ ክሩ አይታይም። ማቀዝቀዣችን ፈሳሽ ናይትሮጅን ነበር፤ የምናገኘውም ሰበታ አካባቢ ካለ የከብት ማዳቀያ ጣቢያ ነው። እዚያ የኮርማ ዘር የሚቆየው በናይትሮጅን ነው። ቤቴ ፉሪ ስለሆነ ማመላለሱ የእኔ ድርሻ ሆነ። ናይትሮጅኑን የሚቀዳልኝ ለሚ የሚባል አዳቃይ ነበር፤ ዕድሜው ለእኔ የሚቀርብ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው።

«አከም ጅርቱ፣ ዶክተሬ! ላማችሁ ወለደች?» ይለኛል ገና ከበሩ ስገባ።

«ገና ነች፣ ኦቦ ለሚ።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት? ከብት ብትሆን እኮ ለሥጋ ሸጠናት ነበር።»

የናይትሮጅን ዕቃ ክዳኑ ጠብቆ አይዘጋም፤ ከተዘጋ ይፈነዳል። ስለዚህ በታክሲ ስሄድ ነጭ ጉም እየተፋ ነው የምሄደው። «እህቴ፣ ዕቃሽ እየጨሰ ነው!» የማይለኝ ረዳት አልነበረም። ቀዝቃዛ ነው፣ እሳት አይደለም ብዬ ሳስረዳ፣ አንዲት ሴትዮ አንድ ጊዜ፣ «ቀዝቃዛ ከሆነ ለምን ይጨሳል? የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚመልሰው» ብለው ወርደውብኛል።

ዶክተር ጡረታ ከወጡ በኋላም በሳምንት ሁለት ቀን ከሱሉልታ ይመጡ ነበር። የቀረው ዓይናቸውም እየደከመ ስለነበር የስክሪኑን ቁጥር ማንበብ አይችሉም፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እኔ የማነበውን ይሰማሉ። ሥራው በስም የእኔ ሆኗል። በዚያው ዓመት ኃላፊው ጠርቶኝ በትሕትና ነገረኝ፦ እስከ በጀት ዓመቱ መዝጊያ ሊታተም የሚችል ውጤት ካልቀረበ ክፍሉ ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይሰጣል። በእጃችን የነበረው ከውጭ የሥራ ባልደረቦች የላኩልን፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል አንድ ናሙና ብቻ ነበር።

የሆነው በአንድ ረቡዕ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ሰኞ፣ ሁሉንም አሰናድቼ ጨለማውን ለክቼ ነበር፤ ብርሃኑን ግን የኤሌክትሪኩ ኃይል እየዋዠቀ ሌዘሩን ስላጠፋብኝ አልለካሁም። ማክሰኞ ከግምጃ ቤት የኤሌክትሪኩን ኃይል የሚያረጋ አንድ ስታቢላይዘር አስወጥቼ ከስፔክትሮሜትሩ ጀርባ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ረቡዕ ጠዋት ናይትሮጅን ይዤ ስመጣ መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ቆምን፤ ቡራዩ ስደርስ ከዕቃው ውስጥ ግማሹ ተንኖ አልቋል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መብራት እንደሚጠፋ ደግሞ አስቀድሞ ተነግሯል። ናሙናው እስኪቀዘቅዝ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀረው። ዶክተርም እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

ጨለማውን መለካት ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ክፍሉ ያው ክፍል፣ መጋረጃው ያው መጋረጃ ነው፤ የሰኞው ጨለማ ለረቡዕም ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ካርቶኑን ምሰሶው ላይ አልለጠፍኩትም። ወዲያው ብርሃኑን መለካት ጀመርኩ፤ የሰኞውን ቁጥር ወደ ረቡዕ ግራ ገጽ ገለበጥኩ። ቀኑንም ረቡዕ ብዬ ጻፍኩ። ይህን የምጽፈው ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ልኬቱ ሲያበቃ ከተንሰራፋው ኮረብታ ላይ አንድ ክር ቆሞ አየሁ። ቀጥ ያለ፣ ብቸኛ። ቁጥር ማንበብ ማቆሜን የሰሙት ዶክተር፣ «ምን አየሽ?» አሉኝ።

«መስመር አለ፣ ዶክተር።»

«የት ላይ?»

«ሰባት መቶ ሦስት ናኖሜትር።»

«ወርዱስ?»

«መሣሪያችን ሊለየው ከሚችለው በታች ነው።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ነበር። «ሰናይት፣ ጨለማውን ለክተሻል?» አሉኝ።

«ለክቻለሁ።»

ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ። አንድ ጊዜ ደግሜ ለካሁ፤ መስመሩ እዚያው ነበር። ናይትሮጅኑ አልቆ ናሙናው መሞቅ ሲጀምር ኮረብታው ወደ ቀይ ተንሸራተተ፤ ክሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የነቁጥ ብርሃን ሲሞቅ ቀለሙ መሸሽ እንዳለበት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔ ግን በጽሑፉ ላይ «ያልተለመደ ጽናት» ብዬ ጻፍኩት። ስምንት ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ፤ መለኪያውና ስክሪኑ በባትሪ ስለሚሠሩ ሌዘሩም ክሩም በአንድ ቅጽበት አብረው ሲጠፉ አየሁ። ሌዘሩ ሲጠፋ የጠፋ ብርሃን የሌዘሩ ልጅ ነው አልኩ።

በሳምንቱ የማዳቀያ ጣቢያው ናይትሮጅን ማምረቻ ተበላሸ። ሙከራውን መድገም አልተቻለም፤ የበጀት ዓመቱም አይጠብቅም። ጽሑፉ በሁለታችን ስም ሄዶ ታተመ። ክፍሉ ተረፈ። ኃላፊው በበራችን ላይ አዲስ ሰሌዳ ሰቀለ፤ በስብሰባም ፈገግታው ቀረ። ለሚ ወሬውን ሰምቶ ስልክ ደወለልኝ፦ «ዶክተሬ! ወለደች አሉ! እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!» በሕይወቴ ከሳቅኳቸው ጥቂት ሳቆች አንዱን ያን ቀን ሳቅሁ።

ሰባት ወር ቆይቶ ማምረቻው ተጠገነ። ናይትሮጅን አመጣሁ፤ ችኮላ የለብኝም፤ እንደ ሕጉ ካርቶኑን ምሰሶው ላይ ለጠፍኩ። ቀጭ አለ። ናሙናው ጨለማ ውስጥ፣ ሌዘሩ ተከልክሎ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ስክሪኑን ሳየው ክሩ ቆሟል። ሰባት መቶ ሦስት።

ቀስ ብዬ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ስታቢላይዘሩ ግንባር ላይ፣ ከወንበራችን የማትታይ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀይ የኒዮን መብራት አለች፤ ኃይል መኖሩን የምታመለክት። በጀርባ በኩል ባለው የስፔክትሮሜትሩ መግቢያ ላይ ከተደረበው ጥቁር ጨርቅ አንድ ጫፍ ተገልጦ፣ መብራቷ በቀጥታ ትገባበት ነበር። ጣቴን ጫንኩባት፤ ክሩ ጠፋ። ጣቴን አነሳሁ፤ ክሩ ተመለሰ። እንደገና ጫንኩ፤ ጠፋ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁ አላስታውስም። የዕድሜ ልክ ሥራችን ከጣቴ ሥር ይበራና ይጠፋ ነበር።

የታተመውን ጽሑፍ ከመጽሔቱ ለማስነሳት ደብዳቤ ጻፍኩ። ምክንያቱን «ከውጭ የገባ ብርሃን» ብዬ አስቀመጥኩ፤ ይህ እውነት ነው። ስለ ግራው ገጽ ግን አልጻፍኩም። ኃላፊው ደብዳቤውን አንብቦ ግንባሩን በእጁ ያዘና፣ «አንዲት የስታቢላይዘር መብራት አሳሳተችን ብዬ ለበላይ እንዴት ልጻፍ፣ ዶክተር ሰናይት? እስቲ አንቺ ጻፊልኝ» አለኝ። ጻፍኩለት። ዓመቱ ሳያልቅ ክፍሉ ተዘጋ። እምነበረዱ አሁን የፎቶ ኮፒ ማሽን ተቀምጦበታል፤ ካላማዳሪያዎቹን ጥበቃዎች ወሰዷቸው። ሌዘሩ በሳጥን ታሽጎ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ እርጥበት ውስጡ ገብቶ መስታወቶቹን እንደሚበላቸው ነግሬአቸዋለሁ።

ለዶክተር በስልክ የነገርኳቸው የመብራቷን ነገር ብቻ ነው። «ማን አስገባት?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እሺ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲያ አልመጡም፤ የሚመጡበትም ክፍል አልነበረም። እኔ ደግሞ ሥራ ለቅቄ ሰበታ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ጥራት ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኬን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩ። የተዘጋውን ክፍል ማንም ሊከፍተው አይችልም፤ አንድ የቀረኝ ነገር እኚያ ሰው እስከ መጨረሻው ያመኑኝ መሆናቸው ነበር። ብነግራቸው እሱም ይሄዳል። ባልነግራቸው ደግሞ ያመኑት እኔን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ሱሉልታ ሄድኩ። ባለቤታቸው አደ ጫልቱ በር ከፈቱልኝ። ዶክተር በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፍተዋል። በእግሬ ኮቴ አወቁኝ።

«ሰናይት ነሽ። ከስተሻል መሰለኝ፣ እርምጃሽ ቀሏል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ፋብሪካው ጠየቁኝ፤ ስለ ድርቆሽ መወደድ ነገሩኝ። አደ ጫልቱ ወተት አቅርበው ሲወጡ ተናገርኩ።

«ዶክተር፣ የረቡዕ ግራ ገጽ የሰኞ ነው። ገልብጬው ነው። ለክቻለሁ ያልኩዎት ውሸት ነበር።»

ከቦርሳዬ ካርቶኑን አውጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ጠርዙን በጣታቸው ተከተሉት፤ ማግኔቱን ነኩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የመስኮቱን የብረት ፍርግርግ ዳሰሱና ለጠፉት።

ቀጭ።

«ያን ቀን ይህ ድምፅ አልተሰማም» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ፣ «ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መቼ ታመመ?»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«ጠየቅሁሽ፤ ለክቻለሁ አልሽኝ። 'እየሰማሁ ድገሚው' ማለት እችል ነበር። ሃያ ደቂቃ ነው። ሌላውን ሁሉ ተማሪ ስለዚህች ሃያ ደቂቃ አስለቅሻለሁ።» ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ አድርገው ነበር። «መስመሩን ፈለግሁት፣ ሰናይት። በአንቺ አፍም ቢሆን እንዲኖር ፈለግሁት።»

ልነግራቸው የሄድኩት ተቆጥተው እንዲገላግሉኝ ነበር። እኔ ብወድቅ እንኳ የወደቅሁበት ሕግ በእሳቸው ዘንድ እንደ ቆመ ይኖራል ብዬ አምን ነበር። አሁን የሚቆጣኝ ሰው አልነበረም። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ነገር አድርገናል፤ ልዩነቱ እሳቸው እየሰሙ ማድረጋቸው ነው።

ስነሳ ካርቶኑን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። «እሱ እዚሁ ይቅር» አሉኝ። ተውኩት። ደጅ ስወጣ ከኋላዬ ካርቶኑ ከብረቱ ሲላቀቅና እንደገና ሲለጠፍ ሰማሁ፤ ግቢውን እስክሻገር ድረስ ደጋግመው ያደርጉት ነበር።

በፋብሪካው የምሠራበት የቀለም መለኪያ ማሽን አነስተኛ ነው፤ የተነከረ ጨርቅ ይቀበላል፣ ቀለሙ ከተፈቀደው ናሙና ምን ያህል እንደ ራቀ ይናገራል። በየጠዋቱ ሲበራ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ የራሱን መዝጊያ ዘግቶ መጀመሪያ ጨለማውን ይለካል። እሱም ቀጭ ይላል። የሥራ ባልደረቦቼ ልብ አይሉትም። እኔ ያ ድምፅ እስኪሰማ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ጨርቅ አስገባለሁ። ጨለማውን ለክተሻል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ማሽኑ ጠያቂ አያስፈልገውም።